ልጅዎን ለፊዚክስ

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ፤ ወይዘሮ አንጓች ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ተቀምጠዋል፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡት መምህር ጌጤነህ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመዋል።)

አንጓች፦ ለጋብቻ ከሆነ ልጄን አልሰጥም። ትምህርቷን ትጨርስ።

ጌጤነህ፦ ለጋብቻ አይደለም፣ ወይዘሮ አንጓች። ለፊዚክስ ነው።

አንጓች፦ ለእሱም አልሰጥም።

ጌጤነህ፦ ኧረ ጉዳዩን ገና አልጨረስኩም!

አንጓች፦ ምን ቀረው? ፊዚክስ አሉ፣ ሰማሁ።

ጌጤነህ፦ በወግ በማዕረግ ላቅርበው ብዬ እኮ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ነው። ጉዳዬ እስኪሰማልኝ ደግሞ አልቀመጥም። ወጉ እንደዚያ ነው።

አንጓች፦ ደግ። ይቁሙ።

ጌጤነህ፦ እንዲህ ሲባል እኮ ባለቤት "ኧረ በሞቴ" ብሎ ያስቀምጣል።

አንጓች፦ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጌጤነህ፦ ጉልበቴንም ትንሽ ያመኛል።

አንጓች፦ ወጉን ያወጣነው እኔና እርስዎ አይደለን። ይልቅ ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለቱ የት ቀሩ?

ጌጤነህ፦ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችንና ሬጅስትራሩ ነበሩ አብረውኝ የሚመጡት። ስልጠና ገቡ።

አንጓች፦ ስልጠና።

ጌጤነህ፦ ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ነው። ባለጉዳይን ሳያጉላሉ በሰዓቱ ስለማስተናገድ።

አንጓች፦ እሱን ሊማሩ ሄደው እኔ ዘንድ ሳይመጡ ቀሩ።

ጌጤነህ፦ ሰኞ ይጨርሳሉ።

አንጓች፦ የትምህርት ክፍል ምርጫው የሚዘጋው ዛሬ ማታ አይደለም እንዴ?

ጌጤነህ፦ ዛሬ ማታ ነው። ለዚህ ነው ብቻዬን የመጣሁት። እኔን ስልጠና አይልኩኝም። ጡረታው ስለደረሰ እውቀቱ ይባክናል ይላሉ።

አንጓች፦ ይቀጥሉ።

ጌጤነህ፦ እንግዲህ፣ ልጅዎ ትብለጥ አንደኛ ዓመትን ጨርሳለች። በፊዚክስ የሚደርስባት አልነበረም። አሁን ትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ጊዜ ነው። እኔን "ፊዚክስ መግባት እፈልጋለሁ፣ ግን እናቴን ሳልጠይቅ ቅጹን አልሞላም" አለችኝ። ከዚያ ለእረፍት ወደዚህ መጣችና ድምጿ ጠፋ።

አንጓች፦ ጓዳ ናት። ድምጿ ነው የጠፋው፣ ጆሮዋ እዚሁ ነው ያለው።

ጌጤነህ፦ ደህና ነሽ ትብለጥ?

አንጓች፦ የተጠየቀች ልጅ አትመልስም። ይሄም ወግ ነው።

ጌጤነህ፦ እሺ። ነገሩን ላሳጥረው። አሥር ተማሪ ያልሞላው ትምህርት ክፍል ይዘጋል ተብሏል። እስከ ትናንት ማታ እኛን የመረጡ ዘጠኝ ናቸው።

አንጓች፦ ሚኒባስ ነው እንዴ፣ ሲሞላ የሚነሣው?

ጌጤነህ፦ ሚኒባስማ ረዳት አለው፣ እየጮኸ ይጠራል። እኛ እንጥራ ስንል "ሳይንስ ነው፣ ጥሪ አያስፈልገውም" አሉን።

አንጓች፦ መምህሩስ ስንት ነው?

ጌጤነህ፦ ሰባት።

አንጓች፦ ለዘጠኝ ተማሪ? ልጄ በአጃቢ ነዋ የምትማረው።

ጌጤነህ፦ ጥቅሙ እሱ ነው! አንዱ መምህር ቢቀር ሌላው አለ።

አንጓች፦ ሁሉም ቢቀሩስ?

ጌጤነህ፦ እሱም ያጋጥማል። ስብሰባ ሲኖር።

አንጓች፦ አሥረኛ ባይገኝ ምን ትሆናላችሁ?

ጌጤነህ፦ እንበተናለን። እኔን ለንብረት ክፍል አስበውኛል።

አንጓች፦ ምን ሊሠሩ?

ጌጤነህ፦ ወንበር ልቆጥር።

አንጓች፦ ቢያንስ መቀመጫ አያጡም።

ጌጤነህ፦ ወይዘሮ አንጓች፣ በዚህስ አይቀልዱብኝ። ያን ላቦራቶሪ ያቋቋምኩት በእጄ ነው። ሚዛኑን ያስተካከልኩት፣ መስታወቱን የወለወልኩት፣ የተሰበረውን ጋራዥ ለጋራዥ ዞሬ እየለመንኩ ያስበየድኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሰንሰለት ሲገባበት ማየት አልችልም። እውነቱን ልንገርዎት፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ልጅዎን አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

አንጓች፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ።

ጌጤነህ፦ ኧረ ልጅዎ እንዲህ ያለ ነገር የለባትም! እኔ ራሴ እመሰክራለሁ...

አንጓች፦ ተረቱን ነው፣ መምህር።

ጌጤነህ፦ ተረቱን ነው። ይቅርታ።

አንጓች፦ ጓዳም ይቅርታ ይበሉ።

ጌጤነህ፦ ይቅርታ፣ ትብለጥ።

አንጓች፦ እሺ፣ ገባች እንበል። ምን ሆና ትወጣለች?

ጌጤነህ፦ የፊዚክስ ምሩቅ።

አንጓች፦ እንጀራዋን ነው የጠየቅኩት።

ጌጤነህ፦ ታስተምራለቻ።

አንጓች፦ ማንን? ተማሪ አጣን ብለው አይደል እዚህ የቆሙት?

ጌጤነህ፦ እንዲህ አድርጋ የምትጠይቅ እናት ያላት ልጅ እኮ ናት ለፊዚክስ የምትሆነው።

አንጓች፦ በሽንገላ ልጅ አይሰጥም።

ጌጤነህ፦ ሽንገላ አላውቅበትም። አምና ተማሪዎቹን ሰብስበው ስለየትምህርት ክፍላችሁ ተናገሩ ሲሉን እኔ ተነሥቼ "ፊዚክስ ከባድ ነው፣ ደመወዙም ትንሽ ነው፣ ግን እውነት ነው" አልኳቸው።

አንጓች፦ እሺ?

ጌጤነህ፦ ከእኔ ቀጥሎ የነበረው የአካውንቲንጉ ኃላፊ አፉን ሳይከፍት ሁለት ክፍል ሞላለት።

አንጓች፦ እውነተኛ ሰው ነዎት። ለሽማግሌነት ግን አይሆኑም።

ጌጤነህ፦ ኃላፊያችንም እንደዚያ ብሎኛል።

አንጓች፦ እንግዲህ ወግ ካሉ በወጉ እንጨርሰው። ጥሎሹ ምንድን ነው?

ጌጤነህ፦ ምን?

አንጓች፦ ጥሎሽ። ልጅ ስጡን ብላችሁ ስትመጡ ምን ይዛችሁ ነው?

ጌጤነህ፦ እሱማ ዘንድሮ ብዙ ተሻሽሏል! የአገልግሎት ስታንዳርድ አውጥተናል። በየቢሮው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። "ማንኛውም ተማሪ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይስተናገዳል" ይላል።

አንጓች፦ ማን ያስተናግደዋል?

ጌጤነህ፦ እሱ አልተጻፈም።

አንጓች፦ ሌላስ?

ጌጤነህ፦ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅሏል።

አንጓች፦ ማን ይከፍተዋል?

ጌጤነህ፦ ቁልፉን የያዘው ሰው ተዛወረ። አስተያየቱ ግን አለ፤ ሣጥኑን ሲነቀንቁት ይሰማል።

አንጓች፦ ውኃስ? እኔ ልጄን ባልዲና ጄሪካን አሸክሜ ነው የላክኋት። ዩኒቨርሲቲ የምትገባ ሳይሆን ምንጭ የምትወርድ ነበር የምትመስለው።

ጌጤነህ፦ ትልቅ ታንከር ተተክሏል።

አንጓች፦ ቧንቧውስ?

ጌጤነህ፦ በዕቅድ ተይዟል።

አንጓች፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ጌጤነህ፦ እሱስ እውነት ነው።

አንጓች፦ የሰውነት ማጎልመሻ ውጤቷስ? እስካሁን አልወጣም። ልጅቷ ሮጣ ከጨረሰች ስንት ጊዜዋ ነው፣ ውጤቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

ጌጤነህ፦ መምህሩ ትምህርት ላይ ነው።

አንጓች፦ ምን ይማራል?

ጌጤነህ፦ አመራር።

አንጓች፦ መምህር፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይሄ የሚያዩት ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ማክሰኞ ካልኩ ማክሰኞ ይደርሳል።

ጌጤነህ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በቀጠሮው ያደረሰ ልብስ ሰፊ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

አንጓች፦ እኔ አደርሳለሁ። ለዚህ ነው ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ሰላም የማይሉኝ። አሁን ወደ ጥሎሹ ይመለሱ። ኦሬንቴሽን የምትሉት ነገር አለ። ትብለጥ የገባች ቀን ምን እንዳደረጋችኋት ያውቃሉ?

ጌጤነህ፦ እፈራለሁ።

አንጓች፦ አዳራሽ ሰብስባችሁ ፕሬዚዳንቱ ስለ ራእይ፣ ምክትላቸው ስለ ተልእኮ፣ የምክትሉ ምክትል ስለ እሴት ሲናገሩ ዋሉ። ልጄ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የሚነግራት አጥታ መሸባት።

ጌጤነህ፦ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሽንት ቤቱን ከራእዩ አስቀድመነዋል።

አንጓች፦ ማን አሰበው?

ጌጤነህ፦ እኔ ነኝ ያነሣሁት። ቀላል አልነበረም። ከራእይ የሚቀድም ነገር የለም ብለው የተከራከሩም ነበሩ።

አንጓች፦ ይቺ ጥሎሽ ትባላለች።

ጌጤነህ፦ እንግዲያው ልቀመጥ?

አንጓች፦ ገና ነው።

ጌጤነህ፦ ሌላም አለኝ። ከእንግዲህ አዲስ ገቢዎችን የምንቀበለው መናኸሪያ ድረስ ወርደን ነው። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ነባር ተማሪዎች ቦርሳቸውን ይይዙላቸዋል፣ መንገድ ያሳዩዋቸዋል። በሩ ላይ ማንም ተማሪ እንዳይቆም ተብሏል።

አንጓች፦ እንዳይቆም።

ጌጤነህ፦ አዎ። የመጣው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይገባል።

አንጓች፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጌጤነህ፦ አልገባኝም።

አንጓች፦ ይገባዎታል። ይልቅ እርስዎን ዛሬ ማን ተቀበለዎት? የእኔ ቤት ጠይቆ እንኳ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ጌጤነህ፦ እሱንማ ባወራው ደስ ይለኛል! ገና ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ የባጃጅ ልጅ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። "ማንን ፈልገው ነው ጋሼ?" አለ። የወይዘሮ አንጓችን ቤት አልኩት። "ከየት ነው የመጡት?" አለኝ። ከዩኒቨርሲቲው ስለው ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ መቀመጫውን ጠረገልኝ። ጉልበቴን ይዤ ሳቃስት ጊዜ ደግፎ አወጣኝ፣ ዞር ብሎ አንድ ስልክ ደወለና መጣ። ፀሐይ እንዳይመታኝ መጋረጃውን ሁሉ ጣለልኝ።

አንጓች፦ ከዚያስ?

ጌጤነህ፦ በመንገዳችን ላይ ይሄ ጤና ጣቢያው ነው፣ ያ ገበያው ነው፣ የመመለሻ መኪና የሚያገኙት እዚያ ጋ ነው እያለ አንድ ነገር ሳያስቀር አሳየኝ። ደጃፍዎ አድርሶኝ ሂሳብ ስሰጠው "እንግዳ ነዎት" ብሎ እምቢ አለ። እኔማ ስልጠናው ለምኔ አልኩ። እንዲህ ያለ ልጅ የእኛ በር ላይ ቢቆም፣ ግድግዳው ላይ ምንም መለጠፍ ባላስፈለገን!

አንጓች፦ ስሙን ጠየቁት?

ጌጤነህ፦ አይ፣ አልጠየቅኩትም።

አንጓች፦ አትጠይቁም እናንተ።

ጌጤነህ፦ ወይዘሮ አንጓች፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እርስዎ ፊዚክስን ጠልተውት አይደለም። ደመወዙም አይደለም፣ ባልዲውም አይደለም። ሌላ ነገር አለ።

አንጓች፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ጌጤነህ፦ እባቡ እኛ ነን?

አንጓች፦ እባብስ ነክሶ ይሄዳል፣ መንከሱን ያውቃል። እናንተ መንከሳችሁንም አታውቁት።

ጌጤነህ፦ ይንገሩኝ።

አንጓች፦ ትብለጥ ታላቅ ወንድም አላት። ይበልጣል ይባላል። ከዓመታት በፊት እሱም እናንተው ዘንድ ደርሶት ነበር። ለፊዚክስ።

ጌጤነህ፦ ለእኛ ክፍል?

አንጓች፦ ያኔ ገና ከመጀመሪያው ነበር በትምህርት ክፍል የምትመድቧቸው። ከዘራችን ዩኒቨርሲቲ የረገጠ አልነበረም። ሱሪውን እኔ ሰፋሁለት፣ ሰፈሩ መርቆ ሸኘው። በራችሁ ላይ ሲደርስ ጥበቃው "ሬጅስትራሩ ሳያይህ አትገባም" አለው። ሬጅስትራሩ የታለ ቢል ስልጠና ሄዷል ተባለ።

ጌጤነህ፦ ስልጠና።

አንጓች፦ ስልጠና። ነገ ና አሉት። በማግስቱም ነገ አሉት። የሚያውቀው ሰው የለ፣ ማታ ማታ መናኸሪያ ጥግ እያደረ ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆመ። ይበልጣል ዓይነ አፋር ነው፣ ጮኾ መብቱን የሚጠይቅ ልጅ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ተሳፍሮ መጣ። እዚህች አሁን እርስዎ የቆሙባት ቦታ ላይ ቆሞ "እማ፣ አልፈለጉኝም" አለኝ። አልቅሼ አላውቅም እንደዚያን ቀን።

ጌጤነህ፦ አንድ ልጅ ጎድሎን ነበር። ስሙን ስጠራ የሚመልስ ጠፋ። "ያልቀረበ" ብለን አለፍነው።

አንጓች፦ ቀርቦ ነበር።

ጌጤነህ፦ አዎ።

አንጓች፦ ከበሩ ወጣ ብሎ ያየው ጠፋ እንጂ ቀርቦ ነበር።

ጌጤነህ፦ በዚያ በር እኔ ጠዋትም ማታም አልፋለሁ።

አንጓች፦ ቅድም "እንዲህ ያለ ልጅ የእኛ በር ላይ ቢቆም" ሲሉኝ አልነበረም?

ጌጤነህ፦ ብዬዎታለሁ።

አንጓች፦ ቆሞላችሁ ነበር።

ጌጤነህ፦ የባጃጁ ልጅ?

አንጓች፦ ይበልጣል ነው።

ጌጤነህ፦ ከዩኒቨርሲቲው ነኝ ስለው ትኩር ብሎ ያየኝ...

አንጓች፦ ከዚያ ነው የደወለልኝ። "እማ፣ አንድ ትልቅ ሰው ይዤልሽ እየመጣሁ ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አደራ እንዳታቆሚያቸው" አለኝ።

ጌጤነህ፦ እንዳታቆሚያቸው አለ?

አንጓች፦ እሱ እንደዚያ ነው። እኔ ግን እናቱ ነኝ።

ጌጤነህ፦ ወይዘሮ አንጓች፣ እኔ ልሂድ።

አንጓች፦ ወዴት?

ጌጤነህ፦ ወደ መናኸሪያው። በእግሬ እሄዳለሁ። ከዚህ ቤት አንድ ልጅ ተሰጥቶን ደጅ ላይ ጥለነዋል። ሁለተኛ ስጡኝ የሚያሰኝ ወግ እኔ አላውቅም። ላቦራቶሪውም ይዘጋ፣ ወንበሩንም እቆጥራለሁ።

አንጓች፦ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ ይሄዳል እንዴ?

ጌጤነህ፦ ገና ስገባ አልሰጥም ብለውኝ የለ?

አንጓች፦ እሱማ ወግ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቃሉ እሺ ሲባል አይተው ያውቃሉ?

ጌጤነህ፦ ምን ማለትዎ ነው?

አንጓች፦ ትብለጥ ዛሬ ጠዋት በስልኳ ሞልታ ልካለች። አንደኛ ምርጫ ፊዚክስ። ሁለተኛም ፊዚክስ ልትል ነበር፣ ስልኩ እምቢ አላት።

ጌጤነህ፦ ጠዋት? እኔ ገና አውቶቡስ ላይ ሳለሁ?

አንጓች፦ አጠገቧ ተቀምጦ ያስሞላት ወንድሟ ነው። እኔ አይሆንም ብዬ ነበር። እሱ "እማ፣ እኔን የመለሰኝ በሩ ነው፣ ፊዚክስ ምን አደረገኝ?" ቢለኝ ይሁን አልኩ።

ጌጤነህ፦ እንግዲያው አሥር ሞላን።

አንጓች፦ ሞላ። ሳበው በላቸው።

ጌጤነህ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ አንጓች። ግን ታዲያ፣ ነገሩ ጠዋት ካለቀ እኔን ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አቆሙኝ?

አንጓች፦ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው መጥቶ የእኔ በር ላይ ቆሞ ሲለምን ማየት ፈልጌ ነው። ልጄ የቆመው ሦስት ቀን ነው። እርስዎ ገና አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሞላዎት ነው።

ጌጤነህ፦ በስታንዳርዱ ውስጥ ነኝ ማለት ነው።

አንጓች፦ ነዎት። ባጃጁ መጣ መሰለኝ፣ ድምፁ ይሰማል። አሁን በሞቴ ይቀመጡ። ይበልጣል ሲገባ ግን ይነሡለት።